ለጀልባ አካል ሳን ፎም ወይስ ፒቪሲ?

ጀልባ ሊያሠሩ ወይም ሊያስጠግኑ ያሰቡ ወዳጆቼ፣ በሁለቱ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል የትኛው ፎም ይግባ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሳን (SAN) እና ፒቪሲ (PVC) ሁለቱም የፕላስቲክ ፎሞች ናቸው፤ ግጭትን ለመቋቋም እኔ ሳንን እመርጣለሁ፤ እዚህ የደረስኩትም ርካሹን ገዝቼ ሁለት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ፒቪሲ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ፖሊዩሪቴን የሚባል ሌላ ዓይነት፣ በቀላሉ የሚፈረፈር ፎም ነበር። ተንሳፋፊ ግንድ ጀልባዬን ሲመታት ከውጭ የታየው ጭረት ብቻ ነው፤ በሳንቲም ሳንኳኳው ግን ከጭረቱ ክንድ ያህል እስኪርቅ ድረስ ድምፁ የታፈነ ሆነ። ሽፋኑ ሲከፈት ፎሙ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ጥገናው ከቀዳዳው ዳር ጀምሮ የሽፋኑን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ጤነኛውንም ክፍል እያሳሱ መሞረድን ስለሚጠይቅ፣ በፎሙ ያተረፍኩት ገንዘብ ለሞረዳው እንኳ አልበቃም።

እውነተኛው ፒቪሲ እንዲህ አይፈርስም። በጀልባ ሥራ የተለመደው ዓይነት ግትር ሲሆን፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሳን ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፣ ሳን ግን ከመቀደዱ በፊት ስለሚለጠጥ ምቱን ያበርደዋል። በፎም ፈንታ የሚገባው ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ርካሽና ጭነት ቻይ ቢሆንም፣ በስንጥቅ ውኃ ከገባበት ስለሚበሰብስ ከውኃ መስመር በታች አላስገባውም።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ ሚዛን ይያዙ። በሜትር ኩብ 80 ኪሎ ግራም የተባለ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነና 20 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሉህ 1.6 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት፤ 1.2 ከመዘነ በ80 ዋጋ 60 እየገዙ ነው። ዳሩን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት የሚበናን ከሆነ ደግሞ ፖሊዩሪቴን ነውና ይተውት። እንዲታጠፍ ተብሎ በካሬ በካሬ የተሰነጠቀ ሉህ ስንጥቆቹ በሬዚን (ፋይበርግላሱን በሚያጣብቀው ፈሳሽ ሙጫ) ስለሚሞሉ፣ የሬዚኑን ዋጋና ክብደት ሳይደምሩ ርካሽ ነው አይበሉ።

ገንዘብ ካጠረ ሳኑን ለአፍንጫዋና ለታችኛው ክፍል ብቻ አውለው፣ ከውኃ በላይ ያለውን ጎኗን በፒቪሲ ያሠሩ።