ስፕሪንክለር በንግድ ሕንፃ፦ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አዲስ አበባ ውስጥ በማስተዳድረው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ላይ የተገጠመውን የእሳት መከላከያ ስፕሪንክለር ነው። ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያና መጋዘን፣ የታችኞቹ ፎቆች ሱቆችና አንድ ካፌ፣ የላይኞቹ ደግሞ ቢሮዎች ናቸው። ቧንቧዎቹ ዘወትር በግፊት ውሃ እንደተሞሉ ይቆያሉ፤ በፓምፕ ክፍሉ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ዋና ፓምፕ፣ አንድ በናፍጣ የሚሠራ ተጠባባቂ ፓምፕና የቧንቧውን ግፊት የምትጠብቅ አነስተኛ ጆኪ ፓምፕ አሉ። እግዚአብሔር ይመስገንና እስካሁን እሳት አልተነሣም፤ ስለሆነም የምጽፈው ሥርዓቱን በየዕለቱ ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ ነው። ባጭሩ በዕቃው ረክቻለሁ፤ የጥገናውን ወጪ ከግዢው ጋር አብሮ ለማያስብ ባለ ሕንፃ ግን አልመክረውም።

ከሁሉ ያነሰ ሥራ የሚጠይቁት ሰው ሁሉ የሚያያቸው፣ እሳት ሲነሣ ውሃ የሚረጩት የኮርኒሱ ላይ ራሶች ናቸው። አብዛኞቹ ቀይ ፈሳሽ የያዘና በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈነዳ የመስታወት ብልቃጥ ሲኖራቸው፣ ሙቀት በማያጣው የካፌው ማብሰያ ክፍል ግን በ93 ዲግሪ የሚፈነዳው አረንጓዴው ተገጥሟል። ተከራዮች በፊልም ካዩት ተነሥተው አንዱ ሲከፈት ሁሉም አብረው የሚከፈቱ፣ ሲጋራ ቢጨስም ሱቃቸው በውሃ የሚጥለቀለቅ ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ ራስ የሚከፈተው የራሱ ብልቃጥ በሙቀት ሲፈነዳ ብቻ ነው፤ ጭስ አይከፍተውም። ይህን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለሚሸጡ አንድ ተከራይ ማስረዳት ከማናቸውም የጥገና ሥራ በላይ አድክሞኛል።

የሥርዓቱ ጤንነት የሚታወቀው በጆኪ ፓምፗ ነው። በእኛ ሕንፃ ግፊቱ ወደ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲወርድ ትነሣና 9 ባር ላይ ታቆማለች፤ ዋናው ፓምፕ በ7 ባር፣ የናፍጣው ደግሞ በ6 ባር እንዲነሡ ተስተካክለዋል። የሚያፈስ ነገር ከሌለ ጆኪዋ በቀን ከጥቂት ጊዜ በላይ አትነሣም። ባለፈው ክረምት ግን በየሩብ ሰዓቱ ትነሣ ጀመር። የገጠመው ድርጅት ባለሙያ «የተለመደ ነው» ብሎ ቢሄድም፣ ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር ግፊቱ ቀስ በቀስ እየወረደ 6 ባር ሲደርስ የናፍጣው ሞተር በራሱ እየተነሣ ጥበቃዎቹን ያስደነግጥ ነበር። በየፎቁ ያለውን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ተራ በተራ ዘግተን ከቫልቩ ወዲያ ያለውን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ስንመለከት፣ መርፌው በአንዱም ፎቅ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የቀረው የፓምፕ ክፍሉ ነው። ከጆኪዋ ቀጥሎ ወዳለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ወደሚከለክለው ቼክ ቫልቭ ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ተፈትቶ ሲታይ በመዝጊያው ጎማ ሥር አንዲት የአሸዋ ጠጠር ተሰክታ ተገኘች። ውሃው በዚያች ክፍተት ወደ ገንዳው ይመለስ ስለነበር በሕንፃው ውስጥ አንድም እርጥብ ቦታ አልታየም። ከዚያ ወዲህ ጆኪዋ ስንት ጊዜ እንደተነሣች የሚመዘግብ ቆጣሪ አስገጥመናል፤ ዋጋው ከጠቀሜታው ጋር አይወዳደርም።

እንዲህ ያለ ፍተሻ ቫልቭ መዝጋት ስለሚያስፈልገው የራሱ አደጋ አለው። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ስፕሪንክለር ሳይሠራ በቀረባቸው እሳቶች ዋነኛው ምክንያት ሥርዓቱ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ቫልቮች ክፍት እንደሆኑ በሰንሰለትና በቁልፍ ታስረዋል፤ የሚዘጋ ሰውም የዘጋበትንና የከፈተበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ይፈርማል።

በከተማችን ያለው የውሃ ፈረቃ ሌላው ፈተና ነው። ገንዳው ለመጸዳጃና ለእሳት የጋራ ቢሆንም፣ የመጸዳጃው መሳቢያ ቧንቧ ከፍ ብሎ ስለተተከለ የታችኛው ውሃ ለእሳት ብቻ ይቀራል። ፈረቃው በረዘመ ቁጥር ያን ቧንቧ ዝቅ እናድርገው የሚል ጥያቄ ከተከራዮች ይመጣል፤ መልሳችን ሁልጊዜ ቦቴ ማዘዝ ነው።

የናፍጣ ፓምፕ ለሚገዛ ሰው ስለ ከፍታ አንድ ነገር ላሳስብ። በታወቀው የአሜሪካ የእሳት ፓምፕ ደረጃ መሠረት የሞተሩ ጉልበት ከ91 ሜትር በላይ ባለው በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ይቀነሳል። በ2,300 ሜትር ላይ ይህ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሆን፣ ካታሎግ ላይ የሰፈረውን ጉልበት እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሻጩ ለአዲስ አበባ የተሰላውን በጽሑፍ ይስጥ። ሞተሩን በየሳምንቱ ለ30 ደቂቃ እናስነሣዋለን። እስካሁን ያስቸገረን ባትሪው ብቻ ነው።

በየሦስት ወሩ ከላይኛው ፎቅ ጫፍ ያለውን የመሞከሪያ ቫልቭ እንከፍታለን፤ በእሱ በኩል የሚፈሰው የአንድ ራስ ያህል ውሃ በመሆኑ ደወሉ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጮህ አለበት፣ የእኛ ከአንድ ደቂቃ በፊት ይጮሃል። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥቁርና የሚሸት ነው፤ ከብረት ቧንቧ የሚጠበቅ ስለሆነ አያስደነግጥም። ይልቁንም የሚያሳስበው ቧንቧውን በየምክንያቱ ማፍሰስና መልሶ መሙላት ነው፤ አብሮ የሚገባው አየር አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ዝገቱን ያፋጥነዋል። በዚህ የተነሣ ሱቃቸውን የሚያድሱ ተከራዮች ሥራ ከተቻለ በአንድ ማፍሰስ እንዲያልቅ መርሐ ግብር እናወጣለን።

እድሳቱ ራሱ ካልተጠበቀ ጉዳት ያመጣል። ቀለም ቀቢ በሮለር የነካው ራስ ተጠርጎ አይድንም፣ በአዲስ ይተካል፤ አዲስ የጂፕሰም ግድግዳም ከኋላው ያለውን ቦታ ከውሃው ይጋርዳል። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ከስፕሪንክለሩ ራስ በታች ቢያንስ 46 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መደርደር ስላለበት በግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አስምረናል፤ የበዓል ሰሞን ግን መስመሩን የሚያከብር ነጋዴ ጥቂት ነው። መለዋወጫው ከውጭ የሚገባና ለወራት የሚያስጠብቅ በመሆኑ 12 ራሶችን ከመፍቻቸው ጋር በፓምፕ ክፍሉ ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን።

ዛሬ እንደገና ብገዛ ይህንኑ ዓይነት እመርጣለሁ፤ ነገር ግን በየፎቁ የራሱ ቫልቭና ጌጅ፣ ከላይኛው ጫፍ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ፣ እንዲሁም የጆኪ ቆጣሪ በውሉ ውስጥ እንዲጻፉ አደርግ ነበር። ጌጆቹን የመለወጥና የቧንቧውን ውስጥ የማየት ግዴታ የሚመጣው በአምስተኛው ዓመት ስለሆነ፣ ስለ ዝገቱ የምሰጠው ፍርድ እስከዚያ ይቆያል።