ከደለስ ቦሌ፦ ቀጥታ ወይስ በትራንዚት?

ከዲሲ አዲስ አበባ ቲኬት ሊቆርጥ የተነሳ ወዳጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቀጥታው ይሻለኛል ወይስ ዞሬ ልሂድ?» እኔ የቀጥታው ወገን ነኝ፤ ቀድሜ ልናገር።

ከደለስ (የዲሲው ኤርፖርት ነው) ቦሌ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳያርፍ በ13 ሰዓት አካባቢ ያደርሳል። ፍራንክፈርት ብዙም ከመንገድ አያስወጣም። በዱባይ ግን አልፎ ሄዶ መመለስ ስለሆነ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ ትበራላችሁ። ለነገሩ ሰው የሚደክመው በአየር ላይ ሳይሆን ኤርፖርት ወንበር ላይ ነው።

ስትመለሱ ነገሩ ይለያል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይሆናል። «ቀጥታ ብለውኝ አረፉ» እያላችሁ አትደውሉልኝ።

አሁን ወደ ዋጋው። ትራንዚቱ 200 ዶላር ቢቀንስ ወዲያው አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ሻንጣውን እዩ። ቀጥታው በኢኮኖሚ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። አንዳንዱ ርካሽ ቲኬት ግን ምንም ሻንጣ የለውም። ጫማና ልብስ ይዞ ሄዶ በርበሬና ሽሮ ይዞ ለሚመለስ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የደርሶ መልስ የሻንጣ ክፍያ ስትደምሩ ያ 200 ዶላር የት እንደገባ አታውቁትም። የምግቡንና የውሃውን አልቆጠርኩም፤ ኤርፖርት ውስጥ ውሃ እንኳ ያስመርራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሁለት የተለያየ ቲኬት አያይዞ የሚሸጥ ነው። አክስቴን የጎዳት ይሄ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ፤ ሁለተኛው ጥሏት ሄደ። ቲኬቶቹ ስለማይተዋወቁ ኃላፊነት የሚወስድ ጠፋ። የሸጠላት ኤጀንት ስልኩን አላነሳም፤ አዲስ ቲኬት በዚያው ቀን ዋጋ ተገዛ። ከመክፈላችሁ በፊት ጉዞው ሁሉ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር መሆኑንና ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እስከ ቦሌ የሚል መሆኑን ጠይቁ። «ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ያስረክባሉ» ካሏችሁ ተዉት።

እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ወይም አባት ከሆኑ ተጓዡ፣ ክርክር የለም፦ ቀጥታ። የመሳፈሪያው በር የተቀየረ ጊዜ ማን ያሳያቸዋል?

ትራንዚት የምመርጠው ቤተሰቡ ብዙ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለአምስት ሰው 200 ዶላር ሲባዛ 1,000 ነው። ያኔ በኢስታንቡል፣ በአንድ ቲኬት፣ ቆይታው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሆነውን ፈልጉ። በረራው ብቻ 15 ሰዓት ገደማ ነው። ለገናና ለክረምት ከሆነ ደግሞ ከወራት በፊት ቁረጡ፤ ያኔ ሁሉም ይወደዳል።