ባለ ድርብ ጣሪያ የእንጨት የውሻ ቤት፦ ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች በአንዱ ባለፈው ጥር ያሠራሁት የውሻ ቤት አሁን አንድ በጋና አንድ ክረምት አሳልፏል፤ በመሆኑም ጥሩ ጎኑንም ጉድለቱንም አይቼ ለመጻፍ በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ። ቤቱ 14,000 ብር፣ በሦስት እግር የጭነት ባጃጅ እስከ ኮዬ ፈጬ ማስመጣቱ ደግሞ 700 ብር አስወጥቶኛል። ለውሻ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣቴ የገረማቸው ጎረቤቶች አሉ። ለዚህ ያበቃኝን ምክንያት ሳልናገር ስለ ቤቱ ብቻ ብጽፍ ግን አስተያየቴ ጎዶሎ ይሆናል።

ውሻዬ ቦቢ ቀድሞ ይኖር የነበረው ከቆርቆሮና ከብረት በተበየደ ቤት ውስጥ ነው። አራቱም ጎኑ ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ፣ ከጠባብ በሩ በቀር መተንፈሻ የሌለው፣ በየግቢው በር ሥር የምናየው ዓይነት ነበር። አዲሱን ቤት ከማሠራቴ በፊት በነበረው ሚያዝያ፣ አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ስመለስ በሰንሰለት እንደታሰረ ደፉ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ምላሱ ጠቁሮ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል፤ ለሃጩ ወፍሮ እንደ ክር ይጎተታል፤ ስጠራው ሊነሣ ሞክሮ የኋላ እግሮቹ ከዱት። እኔ ከበርሜል ውሃ በጆግ እየቀዳሁ ሆዱንና ብብቱን ሳርስ፣ ልጄም በካርቶን ስታራግብለት ቆይተን የደወልንላቸው የእንስሳት ሐኪም ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደረሱ። ያን ሁሉ ውሃ ካፈሰስንበት በኋላ እንኳ ሙቀቱ 41.2 ዲግሪ ነበር። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ 41 ዲግሪን ካለፈ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ብሎም ሊገድል ይችላል። ቦቢ ተረፈ። ሐኪሙም እሳቸውን እየጠበቅን እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ኖሮ እንደማይተርፍ በግልጽ ነገሩን።

ያን ቀን የውጭው አየር ከ27 ዲግሪ አልበለጠም ነበር፤ እኔን ያዘናጋኝም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ብርድ እንጂ ሙቀት የላትም ብለን ስለምናምን ለውሻ ቤት ስናስብ የምንፈራው ዝናብንና የሌሊት ቁርን ብቻ ነው። ነገር ግን ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ከመዳፉ ሥር ካለችው ጥቂት ላብ በቀር ራሱን የሚያቀዘቅዘው እያለከለከ የምላሱንና የመተንፈሻ አካሉን እርጥበት በማትነን ነው። በታፈነና በጋለ ቤት ውስጥ ሲሆን ያ ማለክለክ የድካም ምንጭ ከመሆን አልፎ ብዙም አይፈይድለትም። በዚያ ላይ ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ስስ አየር አልፋ የምትመጣ ብርቱ ፀሐይ ናት። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በዚያች ሰዓት የግድግዳ ጥላ የሚባል ነገር ስለማይኖር የታሰረ ውሻ ያለው መሸሸጊያ ያው የጋለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

አዲሱ ቤት አጽሙ ከሞራሌ፣ ግድግዳው ከጣውላ የተሠራ ነው። የከፈልኩት ዋጋ ተገቢ ነው እንድል የሚያደርገኝ ግን ጣሪያው ነው። ከላይ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮምፖልሳቶ አለው፤ በሁለቱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተትቶ ፊትና ኋላው በወንፊት ሽቦ ብቻ ተሸፍኗል። ነጩ ቀለም ብዙውን ብርሃን ይመልሳል፤ ቆርቆሮው የወሰደውን ሙቀት ደግሞ በክፍተቱ የሚያልፈው ነፋስ ወደ ውስጥ ሳይወርድ ይዞት ይወጣል። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተንበርክኬ ክንዴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ኮርኒሱን ዳበስኩት። የላዩን ቆርቆሮ ነክቼ ጣቴን ወዲያው መልሼ ነበር፤ የውስጡ ኮምፖልሳቶ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። አሮጌውን ቤት የማገዶ ማስቀመጫ አድርጌው ስለነበር በዚያው ዕለት አንድ ቴርሞሜትር በሁለቱም ውስጥ በየተራ አስቀመጥኩ፦ ውጭ ጥላ ሥር 27፣ በአዲሱ ቤት 29፣ በአሮጌው 41 ዲግሪ። ሦስተኛውን ቁጥር ሳነብ ያ ቀን ትዝ ብሎኝ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ስፍራ መነሣት አቃተኝ።

ወለሉ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሠራቱ በሁለት በኩል ጠቅሟል። ቀን ከሥሩ አየር ይገባል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የመሬቱ ቅዝቃዜ በቀጥታ አይደርስበትም። ቆርቆሮ ሌሊት እንደ ብረትነቱ ይቀዘቅዝና ሲነጋ ከውስጥ ጤዛ ያንጠባጥብ ነበር፤ እንጨቱ ይህ የለበትም። ጣሪያው በማጠፊያ ወደ ላይ ስለሚከፈት ለቁንጫና ለመዥገር ማጽዳትም ቀላል ነው። ወጣቱ አናጢ ሲያስረክበኝ «ጋሼ፣ በሩን ወደ ምሥራቅ ያዙሩለት፤ ጠዋት ይሞቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ጀርባው ነው ፀሐዩን የሚችለው» አለኝ። እንዳለው አደረግሁ፤ ምክሩም ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ጉድለቶቹን ልናገር። የውስጡ ግድግዳ በቫርኒሽ ተቀብቶ ሳይደርቅ ስለመጣ ሽታው ኃይለኛ ነበር፤ ቦቢ ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫውን አስገብቶ እየመለሰ ውጭ አድሯል። የውሻ ማሽተት ከእኛ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያውቅ ባለሙያ ውስጡን ሳይቀባ መተው ነበረበት። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ የኮምፖልሳቶው ጠርዝ ስላልተሸፈነ ሐምሌ ላይ ዝናብ በክፍተቱ በኩል እየተረጨ ገብቶ በኋላ በኩል አበጠ፤ አንዱ ንጣፍም ተላቀቀ። ሥራ ቤቱ ያለ ክፍያ ለመጠገን ወዲያው ቢስማማም ባለሙያው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ በላስቲክ ሸፍኜ ቆየሁ። ላስቲኩ ደግሞ የአየሩን መውጫ ስለሚዘጋ በበጋ ቢሆን ኖሮ አደገኛ ይሆን ነበር። የኋላው ታዛ አንድ ስንዝር ቢረዝም ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ሌላ የጣሪያው ማጠፊያ ቀጭን በመሆኑ መላላት ጀምሯል።

ቤቱ ሊሠራው የማይችለውንም መጥቀስ አለብኝ፤ ጥሩ ቤት ገዛሁ ብሎ ውሻውን በአጭር ሰንሰለት የሚያስር ሰው ምንም አላደረገም። ቦቢን አሁን ቀን ቀን በግቢው ውስጥ እፈታዋለሁ፤ የእግር ጉዞውም አስፋልቱ ሳይግል ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ሆኗል። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች አሳርፌ ካቃጠለኝ መዳፉንም ያቃጥለዋል ማለት ነው። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ 25 ኪሎ ለሚመዝነው ለቦቢ ሙቀት በሌለበት ቀን እንኳ አንድ ሊትር ተኩል አቀርባለሁ፤ በሚያዝያ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የብረት ሳህኑን ትቼ ያልተሟሸ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ተክቼለታለሁ፤ ሸክላው ውሃውን በዝግታ እያላበ በትነት ስለሚያቀዘቅዘው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንኳ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ያሏችሁ ግን በዚህም ቤት ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ውጭ እንዳትተዉአቸው አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የአፍንጫቸው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ማለክለካቸው እንደ ሌሎቹ አያቀዘቅዛቸውም።

ጉድለቶቹ እንዳሉ ሆነው ከዚያው ሥራ ቤት ሁለተኛ ቤት አዝዣለሁ፤ ገላን ለምትኖረው እህቴ ውሻ ነው። በትእዛዙ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፦ ውስጡ ቀለምም ቫርኒሽም እንዳይነካው፣ የኮምፖልሳቶው ጠርዝ በሙሉ በጣውላ ክፈፍ እንዲሸፈን፣ የኋላው ታዛ አንድ ስንዝር እንዲረዝም፣ ማጠፊያውም ለቤት በር የሚሆነው ወፍራሙ ዓይነት እንዲሆን። ለዚህ 1,500 ብር ጨምሬያለሁ፤ ርክክቡም ከአሥር ቀን በኋላ ነው።