ዘኒት ወይስ ኪትፎክስ? ከአዘዞ ተነስቶ መብረር ለሚመኝ ሰው

ለጥምቀት ከዴንቨር ከመጣው አብሮ አደጌ ጋር ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ነው። ስልኩን አወጣና ሁለት ፎቶ አሳየኝ። አንዱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ቢጫ ነው። «የቱን ልግዛ?» አለኝ። መኪና መስሎኝ ነበር። ለካስ አውሮፕላን ነው።

ሁለቱም በኪት ይሸጣሉ። ፋብሪካው ክፍሎቹን በሳጥን ይልካል፤ ገዢው ጋራዡ ውስጥ ይገጣጥምና ቅዳሜና እሁድ ይበርበታል። ለእኛ ሰው እንግዳ ይመስላል እንጂ አውሮፕላን በእጅ መሥራት አገራችን ውስጥም አዲስ አይደለም። «ፀሐይ» እኮ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር ነው የተሠራችው። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ተመለሰች። ሞተሯ 115 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

የጓደኛዬ ምኞት አንድ ቀን ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ፣ ጎርጎራን በሰማይ ዞሮ መመለስ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን አውሮፕላን ጥገና ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱን የመዘንናቸው በዴንቨር ሳይሆን በአዘዞ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ለመብረር የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ የግድ ነው። የአዘዞው ማረፊያም የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት እንጂ የክለብ ሜዳ አይደለም። ኪቱ ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ከማዘዛችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ ያዙ።

ብሮሹሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው

ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም። ባሕር ዳርማ ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ሻጮቹ «በ30 ሜትር ይነሳል» ሲሉ ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ሜዳ፣ በቀዝቃዛ ቀን ማለታቸው ነው።

አዘዞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአቪዬሽን ስሌት «መደበኛ» የሚባለው ሙቀት 2 ዲግሪ ነው። መጋቢት ላይ ከሰዓት 27 ዲግሪ ሆነ እንበል። 25 ዲግሪ ትርፍ አለ። ለእያንዳንዷ ትርፍ ዲግሪ 36 ሜትር ያህል ይደመራል። 900 ሜትር መጣ። አውሮፕላኑ የቆመው አዘዞ ነው፤ የሚተነፍሰው ግን የ2,900 ሜትር አየር ነው። ደባርቅ ላይ እንደቆመ ቁጠሩት።

አየሩ ሲሳሳ ሦስት ነገር አብሮ ይደክማል። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ፣ ክንፉ። 100 ፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር 70ን ትንሽ አለፍ ብሎ ይቀራል። ለመነሳት የሚያስፈልገው ሜዳ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ሲያርፍም ጉድ አለው። የፍጥነት ቆጣሪው የለመዳችሁትን ቁጥር ያሳያል፤ መሬቱ ግን 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይመጣባችኋል። ቆላ የለመደ አብራሪ «ፈጠንኩ» ብሎ ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ 13 ዲግሪ ሲሆን፣ ያው ሜዳ ወደ 2,400 ይወርዳል። 500 ሜትር በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው። ከሰዓት መብረር የሚወድ ሰው ሌላ ከተማ ይፈልግ።

አካሉ፦ አልሙኒየም ወይስ ጨርቅ

የሚያብረቀርቀው ዘኒት ሲኤች 750 ነው። ሚዙሪ ውስጥ ሜክሲኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ይመረታል። (አዎ፣ ሜክሲኮ። የእኛን ሜክሲኮ አደባባይ አስታወሰኝ።) ታላቅ ወንድሙ 701 እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። ክንፉ ፊት ለፊት የማይንቀሳቀስ ተጨማሪ ክንፍ መሳይ አለው፤ በጣም ቀስ ብሎ እንኳ እንዳይወድቅ ያደርገዋል። መልኩ አያምርም። ሲበር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉብዝናው ግን አጭርና ጎርባጣ ሜዳ ላይ ነው።

ቢጫው ኪትፎክስ ነው፣ የአይዳሆ ልጅ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። አጥንቱ ብረት ቱቦ ነው፣ ቆዳው ጨርቅ። ከዘኒት ይፈጥናል፣ እስከ 190 ይሄዳል። በዚያ ላይ ክንፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ተጎታች ላይ ጭናችሁ ግቢያችሁ ታስገቡታላችሁ። ሀንጋር (የአውሮፕላን ጋራዥ) በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዘኒትን ክንፍ የት ልታሳድሩት ነው?

እስከዚህ ድረስ ኪትፎክስ ይመራል። ጥገናው ላይ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ።

ዘኒት የተያያዘው በሪቬት ነው። ቆርቆሮው በብዙ ቦታ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ አልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆችን አይታችኋል? ድሪልና የሪቬት ሽጉጥ እጃቸው ላይ ነው የሚያድረው። አንዱን ጎበዝ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ በሁለት ሳምንት ታሠለጥኑታላችሁ። የመስኮት ሪቬት ግን አታስመቱት፤ ጥንካሬው አይገናኝም። ሪቬቱ ከፋብሪካው፣ እጁ ከጎንደር ይሁን። የተሰነጠቀ ወይም የላላ ሪቬት ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። ዙሪያው ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ያወጣል። ጨርቅ ይዛችሁ ስትወለውሉ ታዩታላችሁ።

ኪትፎክስ ላይ የብረት ቱቦው ከተሰነጠቀ በር ለሚበይድ ሰው አይሰጥም። ብረቱ የተለየ ነው፤ ያለ አግባብ ከተሞቀ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ጨርቁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ባለፈው ዓመት ዴንቨር ሄጄ የጎረቤቱን ኪትፎክስ ክንፍ ስናለብስ አይቻለሁ። ጨርቁ ፖሊስተር ነው። በሙጫ ይለጠፍና በካውያ ይተኮሳል። በእውነተኛ የልብስ ካውያ። ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል፣ እንደ ከበሮ ይወጠራል። የመጨረሻው ሙቀት 177 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ጨርቁ መልሶ ይላላል፣ ይቀልጣልም። የካውያው መዘውር ላይ የተጻፈውን ማመን አይቻልም፤ በቴርሞሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ ነው ደንቡ። ጓደኛዬ የባለቤቱን ካውያ ይዞ መጣ። «አዲስ ነው፣ ልክ ነው» አለ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ቀዳዳ ተከፈተ። ክንፉ ላይ ጢስ፣ ካውያው ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን ስንለጥፍ ዋልን።

ጨርቅ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ጠላቱ ፀሐይ ነች። ለዚህ ነው ከቀለሙ ሥር የአልሙኒየም ዱቄት ያለበት ብርማ ቅብ የሚቀባው። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ከቆላው ይልቅ ታቃጥላለች። ውጭ የሚያድር ጨርቅ ለበስ አውሮፕላን ጎንደር ላይ ቶሎ ያረጃል። ዘኒትም የሐምሌን በረዶ አይወድም፤ ያ ስስ ቆርቆሮ ይሰረጉዳል። ሁለቱም ጣሪያ ይፈልጋሉ። ኪትፎክስ ግን የሚፈልገው ጣሪያ ትንሽ ነው።

ሞተሩ፦ ገንዘባችሁ የሚገባበት

እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ እዚህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ አካሉ ያወራል። አዘዞ ላይ የሚያነሳችሁ ግን ሞተሩ ነው።

ጓደኛዬ ገና ወንበር ሳይስብ «ቮልስ ብናስገባስ?» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። የቮልስ ሞተር ብዙ ቀላል አውሮፕላን ላይ ይሠራል። በአየር ይቀዘቅዛል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ግን ትልቁ 80 ፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው። በመጋቢት ከሰዓት 60 እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰው ይዞ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ከአዘዞ? ይቅርብኝ። ላይካሚንግም አለ፤ የታመነ ሞተር ነው። ነገር ግን በአብዛኛው የሚፈልገው አቭጋስ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ነው፣ አቭጋስ ደግሞ እንደ ቤንዚን በየማደያው አይቀዳም።

የቀሩት የኦስትሪያዎቹ ሮታክሶች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

912 ዩኤልኤስ 100 ፈረስ ጉልበት አለው። ቀላል ነው፣ ነዳጅ አይፈጅም፣ የማደያ ቤንዚን ይጠጣል፤ 95 ኦክቴን ከሆነ። የ80 ፈረስ ጉልበቱ 912 በ90 ኦክቴን ይረካል። ሁለት ካርቡሬተር ስላለው እኩል መሳባቸውን ማስተካከል ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሞተሩ ሲያንቀላፋ ይንዘፈዘፋል፣ የማርሽ ሳጥኑም ይጎዳል። የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊዎችም ነዳጅ እየመጠጡ የሚከብዱበት ጊዜ አለ። አውጥቶ መመዘን ነው፤ ጥንዱ ከ7 ግራም ካለፈ ይቀየራል።

914 መሠረቱ ያው ሲሆን ቱርቦ አለው። ሲነሳ 115 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የ«ፀሐይ»ን ቁጥር አስታወሳችሁ? ልዩነቱ ይህኛው ጉልበቱን እስከ 2,450 ሜትር ድረስ ይዞት መውጣቱ ነው። ከዚያ በላይም 100ውን እስከ 4,800 ሜትር አካባቢ አይለቅም። ራስ ዳሸን እንኳ ከዚያ በታች ነው። በአንድ ቀትር ላይ 912 በ70ዎቹ ሲያቃስት 914 ሙሉ ጉልበቱ አጠገብ ነው። በወረቀት ላይ 15 የሚመስለው ልዩነት አዘዞ ላይ ወደ 40 ይጠጋል።

ዕዳው ግን አለ። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ይጨምራል። ክብደቱም ጥቂት ይጨምራል። ቱርቦው የጋለ ስለሆነ ሲያርፉ ወዲያው ማጥፋት የለም፤ ቀስ ብሎ እየሠራ እንዲበርድ መጠበቅ ነው። የሚበላሽ ነገርም በዛ። 915 የሚባል 141 ፈረስ ጉልበት ያለው ሌላ ሮታክስ አለ፤ ኪትፎክስ ይሸከመዋል፣ ኪሳችሁ ግን ይሸከም አይሸከም እናንተ ታውቃላችሁ።

የቅዳሜ ሰው ጠላቱ ካሌንደር ነው

ሮታክስ 912 ሙሉ እድሳት የሚጠይቀው በ2,000 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሁድ የሚበር ሰው በዓመት 50 ሰዓት ቢበር ደህና ነው። 40 ዓመት ቆየልኝ ትላላችሁ። አይደለም። «ወይም 15 ዓመት» የሚል አለበት። የነዳጅና የውሃ ጎማ ቱቦዎቹ ሁሉ ደግሞ በየ5 ዓመቱ ይቀየራሉ፣ ሞተሩ አንድ ሰዓት ባይሠራም። ዘይት በየ100 ሰዓቱ፤ እርሳስ ያለበት አቭጋስ ከተጠቀማችሁ በየ50።

የእኛ ክረምት ሌላ ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሞተሩ ቆሞ ይከርማል። ብዙ ሰው «እንዳይዝግ» ብሎ በሳምንት አንዴ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ያሞቀዋል። ይህ ከማቆም ይብሳል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት የሚወጣው ዘይቱ በደንብ ሲግል ነው። ወይ ብረሩ፣ ወይ በሥርዓት ዘይት ቀይራችሁ፣ ቀዳዳውን ደፍናችሁ አስቀምጡት። የክንፉንም ቀዳዳ አትርሱ። አይጥ ሽንት አልሙኒየም ይበላል።

ሮታክስ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው የዘይት አለካኩን ነው። ዘይቱ ያለው ሞተሩ ሥር ሳይሆን ለብቻው ጣሳ ውስጥ ነው። ሁለቱንም የሞተሩን ኢግኒሽን ማብሪያ ማጥፊያዎች አጥፍታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ፕሮፔለሩን በእጅ ታዞራላችሁ። ቀስ ብሎ፣ ወደ መደበኛው አቅጣጫ ብቻ። ወደ ኋላ ካዞራችሁት አየር ይገባል። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ድንገት ጣሳው «ጉልቅልቅ» ይላል፣ ልክ ጠላ ከእንስራ ሲቀዳ። ያኔ ነው መለኪያው የሚነከረው። ያንን ድምፅ ሳይሰማ ዘይት የጨመረ ሰው ዘይቱን አትርፎ ሞልቶታል።

ያገለገለ ልግዛ ካላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ሠሪው ራሱ የዓመት ፍተሻውን መፈረም የሚችልበት ወረቀት ያገኛል። ያ ወረቀት ከአውሮፕላኑ ጋር አይሸጥም። ሁለተኛው ገዢ ፈቃድ ባለው ሰው ማስፈተሽ አለበት። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ደብተሩን ክፈቱና ጎማ ቱቦዎቹ የተቀየሩበትን ቀን ፈልጉ። ቀኑ ከሌለ አልተቀየረም።

የእኔ ፍርድ፦ አውሮፕላኑ ጎንደር የሚኖር ከሆነ ዘኒት ከ914 ጋር። ገንዘቡ ለ912 ብቻ ከበቃ ያው ዘኒት፣ ግን ብቻችሁን፣ ታንኩን በግማሽ፣ በጧት። ኪትፎክስ የሚያዋጣው ጨርቅ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ላለውና ቦታ ለጠበበው ነው።

ጓደኛዬ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ማኪያቶውን ጨረሰ። ሂሳብም ከፈለ። ዴንቨር በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ደወለ፤ ኪትፎክሱን አዟል። «ጋራዤ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው» አለ። ባለቤቱ ካውያዋን መኝታ ቤት ቆልፋበታለች።