ንግግር አለብኝ ለምትሉ ሁሉ፦ አንድ መምህር ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ዛሬ የምጽፈው እዚሁ ከተማችን ስለሚኖሩ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነው። ሕዝብ ፊት የሚናገር ሰው ሲመጣላቸው ጽሑፉን አብረው ያስተካክላሉ፣ አቀራረቡንም ያለማምዳሉ። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስለማይወዱ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው።

አንድ የሰፈር እድር በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ እናቶች ጤና እንድናገር ጋበዘኝ። ይዤላቸው የሄድኩት ጽሑፍ በሙያችን የሚታወቁትን ሦስቱን መዘግየቶች የያዘ ነበር፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ ስለ ጽሑፉ ምንም አላሉም። «እዚያ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አብዛኞቹ አባወራዎችና በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው አልኳቸው። «እንግዲያው ልጄ፣ ሐኪሙም አምቡላንሱም በእነሱ እጅ አይደለም። ውሳኔው ግን በእጃቸው ነው። ስለ እሱ ብቻ ንገሪያቸው» አሉኝ። ሁለቱ መዘግየቶች ወጡ፣ አንዱ ቀረ።

ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ። ከወሊድ በኋላ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሰ አደገኛ ነው፤ መለኪያችን ይህ ነው። ጋሼ «አሳዪያቸው» አሉ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዤ ወጣሁ። ከፍ አድርጌ «ይህን ያህል ደም ከፈሰሳት የምንጠብቀው ነገር የለም» ስል፣ ከኋላ ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ስለ ቋንቋችን ያሳዩኝ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ የሚሰማ ሰው መመለሻ የለውም። ግሱ እስኪመጣ ባለቤቱን፣ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ምክንያቱን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃል፤ ከከበደው ጥሎት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ ዘንድ የነበረው እንዲህ ይል ነበር፦ «ነፍሰ ጡር እናት ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት በሚያጋጥማት ወቅት በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ መደረግ ይኖርበታል።» ቁጭ ብለን ቆራረጥነው። «ራሷን በጣም አመማት? ዓይኗ ብዥ አለባት? ፊቷና እጇ አበጠ? አትጠብቁ። አሁኑኑ አምጧት።» የሕክምናው ይዘት አልተነካም። በመሥሪያ ቤት ሥልጠና የምንሰጥ ሁሉ ይህን ብንማር ምን ያህል ሰው በሰማን ነበር!

ለልምምዱ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ መድረክ ላይ ምላስ እንዳይደናቀፍ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ ነጥብ ያስደርጋሉ። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ጭረት ይገባል። በልብ ማንበብ አይፈቀድም፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ቆሞ ነው። ረጅሙን የ«ክቡራንና ክቡራት» ዝርዝርም ወደ አንድ አጭር ሰላምታ ያወርዱታል፤ ሰው በጣም የሚያዳምጠው መጀመሪያ ላይ ነውና በማዕረግ ቆጠራ ማለቅ የለበትም ይላሉ። በዚህ ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ሰው ቢንጫጫብኝስ ስላቸው ጄኔቫን አነሱልኝ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሹ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጩኸቱ ጋር አልተፎካከሩም፤ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ በእርጋታ ቆመው ጠበቁ። ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። እኔም በዕለቱ ዘግይተው የመጡት ቦታቸውን እስኪይዙ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አስቀድሜ ባልሰማው ኖሮ ያንን ዝምታ የምችለው አይመስለኝም።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ወስነንስ በሌሊት በምን እናምጣት?» አሉ። ከጽሑፉ ያወጣነውን ሁለተኛውን መዘግየት ራሳቸው አነሡት ማለት ነው። እዚያው ተወያይተው ባጃጅና መኪና ያላቸው አባላት ለወላድ ሌሊትም እንዲወጡ ተስማሙ፤ የእድሩ ጸሐፊ ስልካቸውን መዘገበ። እኔ ብጠይቃቸው ኖሮ እንዲህ በፍጥነት የሚሆን አይመስለኝም።

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ድካም አሁን በሰው ቤት ገብቷል።

ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ፣ ለስብሰባም ሆነ ለሥልጠና የምትዘጋጁ ሰዎች ወደ እሳቸው ሂዱ። ክፍያቸው እንደ ሰው አቅም ነው፤ ተማሪ አያስከፍሉም። ንግግሩን ጽፈው አይሰጧችሁም፤ የራሳችሁን ረቂቅ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። የሚሰማችሁ ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ንግግሩ ነገ ከሆነ ግን አይቀበሉም፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ድረሱ። ስልካቸውን ለምትፈልጉ ፈቃዳቸውን ስለጠየቅኩ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።