«ሙሉ ባንድ» ተብሎ ኪቦርድ ብቻ ለሰለቸው

የአዲስ አበባን የምሽት ቤቶች የሚያዘወትር ሰው ምሬቱ ተመሳሳይ ነው። ፖስተሩ ላይ የአምስት ድምፃዊ ፎቶ ተደርድሯል፤ የተጫዋች ስም ግን አንድም የለም። ገብተው ሲያዩ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ማይክ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት ድራም። አንዱ ድምፃዊ ሦስት አራት ዘፈን ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካል፤ ዘፈኑ ሁሉ የሰው ነው። ኪቦርዲስቱን መውቀስ አይገባም። በአንድ ሌሊት አምስት ድምፃዊ የሚያጅብ ሰው ከማን ጋር መቼ ይለማመድ? መሣሪያው ውስጥ የተጫነውን ምት ከፍቶ በግራ እጁ ኮርድ እየሰጠ ያነጋል።

ምቱ የማሽን መሆኑን ለመለየት ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም። ከአዝማቹ ወደ ግጥሙ ሲመለስ የሚመጣውን የድራም መሸጋገሪያ ያዳምጡ፤ ሦስቴ ምንም ሳይለወጥ ከመጣ ማሽን ነው። ችክችካ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ከበሮ መቺው ሰው ከሆነ ተወዛዋዡን እያየ እስክስታው ሲሞቅ ያፈጥናል። ማሽኑ ግን በጀመረበት ፍጥነት ይጨርሳል፤ ጭፈራው ሊሞቅ ሲል የሚበርደውም ለዚህ ነው።

ኪቦርድ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ለማየት ኃይሉ መርጊያን መስማት ይበቃል። የቀድሞው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታተመና ወደ መድረክ ተመለሰ። ይዞ የሚዞረው ቤዝና ድራም ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ ኪቦርድ፣ አኮርዲዮንና ሜሎዲካ (በአፍ እየተነፋ የሚጫወት ትንሽ ኪቦርድ) እየቀያየረ ሲጫወት ሁለቱ እየሰሙት ይከተሉታል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ፣ ከተማችሁ ከመጣ አያምልጣችሁ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ከድካሙ ሁሉ በኋላ ጆሮ የሚያነቃው «ቋንቋ» የተባለው ባንድ ነው። ድምፃዊ ለማጀብ ብቻ የቆመ ቡድን አይደለም፤ ቫዮሊን፣ ማሲንቆ፣ ቤዝ ክራርና ከበሮ እኩል ይናገራሉ። ቫዮሊን የምትጫወተው አሜሪካዊቷ ኬተ ሆስቴተር ናት፤ ማሲንቆውን የያዘው እንድሪስ ሀሰን ነው። የቤዝ ክራሩ ወፍራም ጅማት ደረት ላይ ይሰማል። ቅር የሚያሰኘው ነገር ከዘፈን ወደ ዘፈን ያለው ክፍተት ነው። ክራር ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲሻገር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፣ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ጎበዝ ባንድ ማሲንቆው ብቻውን እንዲያንጎራጉር አድርጎ ክፍተቱን ይሸፍነዋል፤ ያልተዘጋጀ ባንድ ደግሞ መድረክ ላይ ዝም ብሎ ያስጠብቃል።

ማሲንቆ ያለበት ባንድ ሌላም ጣጣ አለበት። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ መሣሪያ ድምፁ ትንሽ ነው። የድምፅ ባለሙያው ማይክ አስጠግቶ ሲጨምርለት ድምፁ ከተጫዋቹ ፊት ካለው ሞኒተር (ለራሱ እንዲሰማው ከሚቀመጠው ስፒከር) ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ያፏጫል። መፍትሔው ድምፁን መቀነስ ሳይሆን ሞኒተሩን ከማይኩ ጀርባ ማዞር ወይም መሣሪያው ላይ ፒክአፕ (ንዝረቱን በቀጥታ የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ) መለጠፍ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ የማሲንቆውንም የከበሮውንም ቆዳ ያላላዋል፤ ከበሮው ሳይሞቅ መድረክ ከወጣ የሚሰማችሁ «ዱብ» የሚል የሞተ ድምፅ ነው።

የጭፈራ ሳይሆን የመደመጥ ምሽት ለሚፈልግ አዲስ አኩስቲክ ይሻላል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር የሚመራው ይህ ቡድን የድሮ ዘፈኖችን በክላሪኔት፣ በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮንና በትልቁ የእንጨት ቤዝ ነው የሚያድሰው፤ ማንዶሊኑ ሲነሳ አንጋፋው አየለ ማሞ አብሮ ይነሳል። ጫጫታ ባለበት ቤት ግን አትሂዱ፣ ክላሪኔቱን የብርጭቆ ድምፅ ይውጠዋል።

ኢትዮከለር የተባለውን ቡድን መለካት ያለባችሁ በውዝዋዜው ነው። የውዝዋዜው ሰው መላኩ በላይ ያቋቋመው ሲሆን የተለያዩ ብሔረሰቦች ምት እየተፈራረቀ ይመጣል፤ ከበሮውና ትከሻው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ይህን ቡድን ብዙ ሰው ያወቀው ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ የተባለ የሙዚቃ ቤት፣ ከተጫዋቾቹ አንድ እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር። አሮጌው ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ፈርሷል፤ ስለዚህ በድሮ አድራሻ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት የሚጫወቱበትን ቦታ አጣሩ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ፊት መቀመጥ ያዋጣል፣ ከኋላ እግራቸው አይታይም።

ስለ መቀመጫ ካነሳን አይቀር፣ ለሌሎቹ ባንዶች ከስፒከሩ ፊት ከመደቀን ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው አጠገብ ይሁኑ፤ እሱ የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነው። ብዙ ቤቶች ግን የድምፅ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛ ጥግ ይወሽቁታል። ጥግ ላይ ቤዙ ስለሚገን ባለሙያው ይቀንሰዋል፣ መሐል የተቀመጠው ሰው ቀጭን ድምፅ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ቤት ከገጠማችሁ ግድግዳ ተጠግታችሁ ተቀመጡ፣ የጎደለው ቤዝ በከፊል ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ሰምታችሁም አትፍረዱ፤ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራው) የሚደረገው ባዶ ቤት ውስጥ ነው፣ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል፣ እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድራም ወይም ከበሮ የሚመታው ማን ነው፣ ባንዱ ስንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ መግቢያው መጠጥን ይጨምራል ወይስ ለብቻ ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉም ነገር አለ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ኪቦርዱ እየጠበቃችሁ ነው።