ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋው ኢንተርኔት እና በከንቱ የገዛሁት ሞደም

ሐምሌ ላይ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ሽሮ ሜዳ፣ እናቴ ቤት። ስለ ምግቡ፣ ስለ ፀጉር ቤቱ፣ ስለ ታክሲው ቅሬታ የለኝም። በኢንተርኔቱ ግን እስካሁን አንጀቴ እንዳረረ ነው።

ፈቃድ ያገኘሁት አንድ ሳምንት ብቻ ስለነበር የቀረውን ከእማዬ ሳሎን ልሠራ ከአለቃዬ ጋር ተስማምቼ መጣሁ። ቤቱ የመስመር ስልክ አለው፤ በዚያው የመዳብ ሽቦ ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ገብቶለታል። ጠዋት ምንም አይል። ዝናቡ ሲወርድ ግን የሞደሙ የዲኤስኤል መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ጭልም ይላል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ቢሮዬ ሥራ ሲገባ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ የክረምት ዝናብም ሰዓቱን ያውቃል።

ቴሌ ብልሽት አስመዘገብኩ። «በ48 ሰዓት» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ራሴ ሄድኩ። አንደኛው መስኮት ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ነገ ነይ አለኝ። በነጋታው የተሰጠኝ መልስ «ከእኛ በኩል መስመሩ ደህና ነው፤ ሞደም ቀይሪ» የሚል ነው። የመረመሩት ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ!

እኔም ሞኟ ገዛሁ። 5,200 ብር። ለመግጠም ሌላ 1,000። ልጁ የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ መብራቱ በራ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ከሰዓት ዘነበ፤ ያው። በኋላ የጎረቤት ልጅ ያንኑ ሞደም በ3,400 እንደገዛው ነገረኝ። ከውጭ መምጣቴ ግንባሬ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ። ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ከኋላው የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። እኔ ባለሁበት አገር ደረሰኝ ከያዝኩ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ እንኳ የለም። እርግጥ እዚያም የኢንተርኔት ሠራተኛ ይመጣል ተብዬ ቀኑን ሙሉ በር በር ሳይ የዋልኩበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ቢያንስ አላታለሉኝም።

ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ መስመር ሲዘረጉ የኖሩ ሰው። ዝናቡ እንዳባራ አንድ አሮጌ ስልክ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መብራቱን ተይውና አድምጪ» አሉኝ። የቤቱን ስልኮችና ሞደሙን ሁሉ ነቀሉ። የያዙትን ስልክ ሽቦው ወደ ቤት ከሚገባበት ላይ ሰኩና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ያን ጊዜ ስልክ ሲነሳ የሚሰማው የመደወያ ድምፅ ይጠፋል፤ ደህና መስመር ከሆነ ጭጭ ይላል። የኛው ሽንኩርት የጋለ ዘይት ላይ እንደጣሉት ቸስስ ይል ነበር።

መሰላል ተባለ። ከጣሪያው ክዳን ሥር ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሏል። ሲፈቱት ውኃ ተንጠባጠበ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጠው፣ ልጠው፣ አዲስ ቀጥለው በፕላስተር አሰሩት። 20 ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ የመኝታ ቤቱን ስልክ አዩ። ስፕሊተር የለውም። ድምፅና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ ነው የሚሄዱት፤ ድምፁ ከታች፣ ዳታው ከላይ ባለው ፍሪኩዌንሲ። የሚለያቸው ያ ትንሽ ዕቃ ከሌለ ስልኩ ሲነሳ መስመሩ ሊረበሽ ይችላል። ሳቄ መጣ። ኢንተርኔት ስልክ እየደወለ በሚገናኝበት በዳያልአፕ ጊዜም ጠላቴ ይቺው ስልክ ነበረች! ሞደሙ ጢጥ ጢጥ፣ ክርርር ሲል ቆይቶ በስንት ጸሎት ይገናኛል። በወረቀት 56 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ እኛ ቤት ያን ደርሶ አያውቅም። አንዲት ፎቶ ግማሽ ድረስ ወርዳ እማዬ አክስቴ ጋ ልትደውል ስልኩን ታነሳለች። አለቀ።

ገንዘብ እምቢ አሉ፤ ቡና ጠጡ። እንግዲህ የዲኤስኤሉ መብራት የሚያንገራግር ከሆነ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን አስፈትሹ። እሱ ቀጥ ብሎ በርቶ የኢንተርኔቱ ብቻ ቀይ ከሆነ ግን የይለፍ ቃሉን ወይም ክፍያውን እዩ።

ከዚያ ስምንት ቀን ቆየሁ፤ በረዶ ሳይቀር ዘነበ፣ አንዴም አልተቆረጠም። አዲሱን ሞደም እማዬ ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች።

ቦሌ ሻንጣዬን ይዤ ተሰልፌ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። «ብልሽት ተመዝግቧል ብለው ሁለት ሰዎች መጥተዋል። የቱ ነው የተበላሸው ይላሉ። ምን ልበላቸው?»